ሳይቃጠል በቅጠል፦ የባሌ ቀይ ቀበሮና የውሻ ክትባት

በ2012 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ በጥይት ተመትቶ፣ እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። እንዲህ ያለ እንስሳ ከዚያ በፊት ዕጣው የታወቀ ነበር፤ መሮጥ ስለማይችል አያድንም፣ ካላደነም በረሃብ ይሞታል። በዚያን ጊዜ ግን የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን፣ የፓርኩና የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ባለሙያዎች ከዚያ በፊት ያልተሞከረ ውሳኔ ወሰኑ። ቀበሮውን አንስተው እዚያው ተራራ ላይ ጊዜያዊ መጠለያ ሠርተውለት አከሙት። ከ51 ቀን በኋላ በአራት እግሩ ቆሞ፣ አንገቱ ላይ የጂፒኤስ መከታተያ ታስሮለት ወደ ዱር ተመለሰ። ስሙንም ተረፈ አሉት። ከቀድሞ መንጋው ተለይቶ ብዙ ከተንከራተተ በኋላ ሴት አግኝቶ አዲስ ቤተሰብ መሠረተ፤ ቡችሎችም ተወለዱለት።

ይህ ታሪክ ሊነገርና ሊደነቅ ይገባዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መኖሪያቸው የባሌ ተራሮች ነው። ቁጥሩ እንዲህ ባነሰበት ዝርያ የአንድ ወንድ በሕይወት መቆየት ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የተረፈ መዳን ያስገኘው ደስታ አንድ ከባድ ጥያቄ እንዳይሸፍንብን እሰጋለሁ። በባሌ ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩትን ቀበሮዎች በብዛት የሚገድለው ጥይት አይደለም። የሚገድላቸው በአንድ ወቅት መጥቶ መንጋውን በሙሉ የሚያጠፋ፣ በአልጋና በፋሻ የማይመለስ በሽታ ነው። ለዚህ ዓይነቱ አደጋ የተጎዳውን አንስቶ ማከም አይበቃም። የባሌን ቀበሮ ከሥር የሚያድነው የገበሬው ውሻ ክትባት ነው። ይህን ሥራ የማን እንደሆነ ወስነን በየዓመቱ የሚሠራ መደበኛ አገልግሎት ካላደረግነው፣ ሌላው ጥረት ሁሉ የሚያስገኘው ጊዜያዊ እፎይታ ብቻ ነው።

ፍቅራቸው የሚገድላቸው እንስሳት

ቀይ ቀበሮ፣ የባሌ ኦሮሞ ጀዳላ ፋርዳ የሚለው፣ በአደኑ ብቸኛ፣ በኑሮው ግን ማኅበራዊ ነው። ሲያድን ብቻውን ይሄዳል። ከምግቡ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በሣሩ ውስጥ የሚርመሰመሰው አይጥና ፍልፈል ነው፤ በተለይ ከባሌ በቀር በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል። ቀበሮው ሆዱን መሬት አስጠግቶ፣ ጆሮውን ወደፊት አቁሞ፣ ፍልፈሉ ከጉድጓዱ አንገቱን እስኪያወጣ ድረስ ሳይነቃነቅ ይጠብቃል። ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን መንጋው ይሰበሰባል። አንዱ የሌላውን አፍ ይልሳል፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ይነካካሉ፣ ቡችሎቹ ከታላላቆቹ አፍ የተተፋ ምግብ ይቀበላሉ፤ ከዚያም አንድ ላይ ሆነው የግዛታቸውን ድንበር እየዞሩ ይጠብቃሉ።

መንጋ ከሚያጠፉት በሽታዎች አንዱ የሆነው የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነው። አንድ የታመመ ቀበሮ ወደ መንጋው ሲመለስ የሚጠብቀው ያ የጠዋት ሰላምታ ነው። ለዚህም ነው በሽታው አንድ ጊዜ ከገባ ቤተሰብ የሚጨርሰው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዌብ ሸለቆና በአካባቢው ተመራማሪዎች አንድ በአንድ ያውቋቸው የነበሩ መንጋዎች በወራት ውስጥ ተመናመኑ። እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት የጀመረው ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ገደለ። በ2008 እና በ2009 እንደገና መጣ፤ በ2014 ደግሞ ተመለሰ። በእነዚህ መካከል ካናይን ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታ በ2005 እና 2006፣ በ2010፣ እንዲሁም በ2015 እና 2016 ገባ። የ2014ቱን የእብድ ውሻ በሽታ ከአንድ ዓመት በኋላ ዲስቴምፐር መከተሉ በተለይ አሳሳቢ ነበር፤ ከመጀመሪያው ምት ያላገገመ መንጋ ሁለተኛውን ተቀበለ።

ቀበሮ እንደ አይጥ ቶሎ አይተካም። በአንድ መንጋ ውስጥ በዓመት የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ የበላይዋ ሴት ብቻ ናት፤ የምትወልደውም አንድ ጊዜ ነው። ሌሎቹ ቡችሎቹን ያሳድጋሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይመግባሉ። ስለዚህ በአንድ ክረምት የሞቱትን ለመተካት ዓመታት ይጠይቃል። ባሌ ሰፊ በመሆኑ ከአንዱ ሸለቆ የጠፋው ከሌላው ሸለቆ በመጡት ሊተካ ችሏል። ትንንሾቹ መኖሪያዎች ግን ይህ ዕድል የላቸውም፤ በጉና ተራራ የነበሩት ቀበሮዎች ዛሬ የሉም። የባሌ ሕዝብ ከተመታ የዝርያው ዋና ጎተራ ተመታ ማለት ነው።

ውሻው ጠላት አይደለም

ሁለቱም በሽታዎች የሚመጡት ከቤት ውሻ ነው። በላቦራቶሪ ሲመረመር በሞቱት ቀበሮዎች ላይ የተገኘው የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በውሾች መካከል የሚዘዋወረው ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው «ታዲያ ውሻ ለምን ፓርክ ውስጥ ይገባል?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ከሮቤ ወይም ከአዲስ አበባ ሆኖ ሲጠየቅ ቀላል ይመስላል።

በዲንሾ፣ በዌብ ወይም በሳነቴ ጫፍ ለሚኖር አርብቶ አደር ግን ውሻ የሌሊት ዘበኛ ነው። ጅብ በረት ሰብሮ ጥጃ ሲወስድ የሚጮኸው እሱ ነው። እረኛው ጋቢውን ተከናንቦ ሲተኛ ውሻው ከጎጆው ደጃፍ፣ ከብርዱ ጋር ተፋጦ ያድራል። ከቤት የተረፈ ካለ ይጣልለታል፤ ከሌለ ራሱ ወጥቶ ይፈልጋል፤ ከቀበሮው ጋር የሚገናኘውም ያኔ ነው፤ ሁለቱም ፍልፈል ፍለጋ፣ ወይም የሞተ ከብት ያለበት ቦታ። ባሌ ውስጥ ጎዳንቱ የሚባለው ወቅታዊ የከብት ጉዞም አለ። ከቆላና ከወይና ደጋ ወደ ደጋው ግጦሽና ወደ ሆራው (ማዕድናማ ምንጭ) የሚወጣው ቤተሰብ ከብቱን ብቻ ሳይሆን ውሾቹንም ይዞ ነው። በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ውሾች ሁሉ ቢከተቡ እንኳ ከሩቅ ቀበሌ የመጣ አንድ ያልተከተበ ውሻ በሽታውን ይዞ ሊገባ ይችላል።

ውሻ ከተራራው ይወገድ የሚል መፍትሔ ስለዚህ ፍትሐዊም፣ ሊተገበርም የሚችል አይደለም። ከብት ጠባቂውን የሚቀማ ጥበቃ ከሕዝብ ጋር ይጣላል፤ ከሕዝብ የተጣላ ፓርክ ደግሞ አይጠበቅም። ማድረግ የሚቻለው ውሻውን ጤነኛ ማድረግ ነው።

ባሕሩ ያስተማረው

የተጎዳውን በማከምና የአደጋውን ምንጭ በማስወገድ መካከል ያለው ምርጫ ባሌ ላይ ብቻ የተነሳ አይደለም። በዓለም ውቅያኖሶች የባሕር ኤሊዎች በተጣለ መረብ፣ በገመድና በፕላስቲክ ተጠላልፈው ይሞታሉ። ኤሊ በሳምባው የሚተነፍስ እንስሳ ስለሆነ መረብ ከያዘውና ወደ ላይ መውጣት ካልቻለ ይሰጥማል። በየባሕር ዳርቻው በጎ ፈቃደኞች መረቡን በቢላዋ እየቆረጡ፣ ቁስሉን እያጠቡ ብዙ ኤሊዎችን መልሰዋል። ሥራቸው የተቀደሰ ነው። በብዛት ሕይወት ያዳነው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የመረቡ አሠራር መለወጥ።

ሽሪምፕ በሚጠመድበት ሰፊ መረብ ውስጥ የብረት ፍርግርግ ይገጠማል። ትንሹ ሽሪምፕ በፍርግርጉ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ትልቁ ኤሊ ከፍርግርጉ ተጋጭቶ ወደ ማምለጫው ቀዳዳ ይመራል። በትክክል ከተገጠመ ወደ መረቡ ከገቡት ኤሊዎች 97 በመቶ ያህሉ እንደሚያመልጡ ይታወቃል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ይህን መሣሪያ በሕግ ግዴታ ስታደርግ አጥማጆቹ አልተቀበሉትም። ምርታችን ይቀንሳል ብለው ፈሩ፤ በ1989 የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አጥማጆች በጀልባዎቻቸው ወደቦችን እስከመዝጋት ደረሱ። መሣሪያው እየተሻሻለ፣ ቁጥጥሩ እየጸና፣ አጥማጁም አጠቃቀሙን እየለመደ ሲሄድ ግን የሥራው አካል ሆነ።

ከዚህ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። የመጀመሪያው፣ አንድን እንስሳ ከመረብ መፍታትና መረቡን መለወጥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ከጥፋት የሚያድነው ግን ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው፣ መረቡን የሚለውጠው ሰው አጥማጁ ራሱ ነው። እሱ ካልተጠቀመበት ወይም ቢያንስ ካልተጎዳበት ሕጉ ወረቀት ላይ ይቀራል። ባሌ ላይ አጥማጁ የውሻው ባለቤት ነው፤ የሚለወጠውም የውሻው ጤና ነው።

ከፍየል ሥጋ ጋር የመጣ ክትባት

ውሻን ለመከተብ የተደረገው ጥረት አዲስ አይደለም። ፕሮፌሰር ክላውዲዮ ሲሌሮ እ.ኤ.አ. በ1995 የመሠረቱት የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከመንግሥት ጋር በመሆን በባሌ ተራሮች ዙሪያ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ይከትባል። ቀበሮውን ራሱን መከተብ ግን ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በታንዛኒያ ሰረንጌቲ የዱር ውሾች ከጠፉ በኋላ አንዳንድ ተመራማሪዎች ጥፋቱን እንስሳቱን ከመያዝና ከመከተብ ጋር አያይዘውት ስለነበር፣ የዱር እንስሳን መንካት ያስፈራ ነበር። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ጥቂት መቶ እንስሳት ብቻ በቀሩበት ዝርያ ላይ ስህተት መሥራት አይፈቀድም።

እ.ኤ.አ. የ2003ቱ ወረርሽኝ ግን ሁኔታውን ለወጠው። መንግሥት ቀበሮዎቹ ተይዘው በመርፌ እንዲከተቡ ፈቀደ። ባለሙያዎቹ ሁሉንም ለመከተብ አልሞከሩም። በሽታው ከዌብ ሸለቆ ወደ ቀሪው የባሌ ሕዝብ የሚሻገርባቸውን ጠባብ መተላለፊያዎች ለይተው በዚያ ያሉትን መንጋዎች ከተቡ። በሽታው እዚያው ቆመ። ከዚያ ቀደም የተሠራ የስሌት ጥናትም ከቀበሮዎቹ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን መከተብ ትልልቆቹን ወረርሽኞች ለመከላከል ሊበቃ እንደሚችል አመልክቶ ነበር። ይህ በትንሽ ሀብት ለሚሠራ አገር ትልቅ ዜና ነው፤ ሁሉንም መድረስ ካልቻልን ምንም አንሠራም የሚለውን ተስፋ መቁረጥ ያፈርሳል።

ሆኖም ቀበሮን በወጥመድ ይዞ፣ አደንዝዞ መከተብ አድካሚ ነው፤ እንስሳውንም ያስጨንቃል፤ በዚያ ላይ የሚደረገው ወረርሽኙ ከገባ በኋላ ነበር። ስለዚህ የአፍ ክትባት ተሞከረ። ክትባቱ በትንሽ ከረጢት ሆኖ በፍየል ሥጋ ውስጥ ይከተታል። ሠራተኞቹ ሌሊት፣ በረዶ በሚጋገርበት ብርድ በፈረስ እየሄዱ መንጋው ባለበት ያደርሱታል። ቀበሮው ሥጋውን ሲያኝክ ከረጢቱ ይፈነዳል፣ ፈሳሹም የአፉን ውስጥ ይነካል፤ ክትባቱ ተሰጠ። ከዓመታት ሙከራ በኋላ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ላይ በባሌ ተራሮች መደበኛው የአፍ ክትባት ዘመቻ ተጀመረ። እንስሳው አልተያዘም፣ አልቆሰለም፤ በሽታውም ገና አልመጣም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አባባል በተግባር ሲታይ ይህን ይመስላል።

የአፍ ክትባቱ የሚከላከለው ግን የእብድ ውሻ በሽታን ብቻ ነው፤ ዲስቴምፐርን አይነካም። የሚሰጠውም ለተወሰኑ መንጋዎች ነው። የበሽታው ምንጭ ውሻው ላይ እስካለ ድረስ የቀበሮው ክትባት የመጨረሻው አጥር እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይችልም።

የሮቤና የጎባ ድርሻ

ስለ ቀይ ቀበሮ ሲወራ ዓይናችን ወደ ሳነቴ ጅብራና ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ይሄዳል። ጉዳዩ ግን ከተማ ውስጥም አለ። ሥጋ ቤት የጣለው አጥንት፣ ምግብ ቤት በፌስታል ቋጥሮ ያወጣው ትርፍራፊ፣ ከብት ታርዶ ሜዳ ላይ የቀረ ሆድዕቃ ሁሉ የባዘነ ውሻ መኖ ነው። መኖ በበዛ ቁጥር ባለቤት የሌለው ውሻ ይበዛል፤ ባለቤት የሌለው ውሻ ደግሞ ለክትባት የሚያመጣው የለም። ከተማው ውስጥ የተጠራቀመ ቆሻሻ በሁለት መንገድ ተራራው ላይ ይደርሳል፤ ፌስታሉ በንፋስ፣ በሽታው በውሻ። በቀይ ባሕር ያለችው ኤሊ የምትጠላለፍበት ቆሻሻም መነሻው ብዙ ጊዜ ከባሕር ርቆ ያለ ከተማ ነው። ባሌ ባሕር የለውም፤ ከእሱ የሚነሱት ወንዞች ግን እስከ ሶማሊያ ድረስ ሚሊዮኖችን ያጠጣሉ፤ የጣልነውንም ይዘው ይወርዳሉ።

ስለዚህ በሮቤ፣ በጎባና በዲንሾ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ የጽዳት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዕርድ ተረፈ ምርትን መቅበርና ቆሻሻ መጣያውን ማጠር የቀበሮ ጥበቃ ሥራ ነው። ይህ የፓርኩ ሳይሆን የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊነት ነው፤ የፓርኩ ስካውት ከተማ ወርዶ ሊሠራው አይችልም።

የማን ሥራ ነው?

ዋናው ክርክር እዚህ ላይ ነው። እስካሁን በባሌ የውሻ ክትባት ከፍተኛው ሸክም የወደቀው በጥበቃ ፕሮግራሙና በውጭ ለጋሾቹ ላይ ነው። ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የለጋሽ ገንዘብ ዓመት ቆጥሮ ያልቃል፤ የገጠር ውሻ ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው። ዘንድሮ ከተከተቡት ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አይኖሩም፤ በምትካቸው ያልተከተቡ ቡችሎች ይመጣሉ። በሽታው እንዳይዛመት ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ መከተብ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። አንድ ዓመት መዝለል ማለት የዓመታት ሥራን ማፍረስ ነው። በየዓመቱ ሳይቋረጥ መሠራት ያለበት ነገር በፕሮጀክት ሊመራ አይገባም፤ በወረዳ በጀት ውስጥ መስመር ሊኖረው ይገባል።

«ሕዝብ በተቸገረበት አገር ለቀበሮ በጀት?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄውን አልንቀውም። መልሱ ግን ከራሱ ከሕዝቡ ጤና ይነሳል። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው ይገድላል፤ አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ የገጠር ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ልጆች። ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም። በውሻ የተነከሰ የገጠር ልጅ ቤተሰቡ ተበድሮ፣ ቀን ተጉዞ ከጤና ተቋም ካልደረሰ፣ ወይም ሲደርስ ክትባቱ ካልተገኘ ይሞታል። ላምና ፈረስም በዚሁ በሽታ ይሞታሉ። አንድ የተከተበ ውሻ ልጁን፣ ላሟንና ቀበሮውን አንድ ላይ ይጠብቃል። የባሌ አርብቶ አደር ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ለዚህም ነው ክትባት መጣ ሲባል ውሻውን በገመድ ስቦ የሚመጣው። እንደ ሽሪምፕ አጥማጁ የሚጎዳበት ነገር የለም፤ የሚያተርፍበት ነው።

ከዚህ ተነስቼ አራት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የባሌ ዞን የእንስሳት ጤና መዋቅር የዲንሾ፣ የጎባና የአጎራባች ወረዳዎችን የውሻ ክትባት እንደ ከብት ክትባት መደበኛ ሥራው ያድርገው፤ የጥበቃ ፕሮግራሙ ልምድና ባለሙያ ያግዘው እንጂ አይተካው። ሁለተኛ፣ የጎዳንቱ ቤተሰቦች ውሾች ወደ ደጋው ከመውጣታቸው በፊት በመነሻ ቀበሌያቸው ይከተቡ፤ ተራራው ላይ ደርሰው መጠበቅ ዘግይቶ መድረስ ነው። ሦስተኛ፣ የሰውና የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤቶች መረጃ ይለዋወጡ። በጎባ ሪፈራል ሆስፒታል በውሻ ተነክሶ የመጣ ሰው ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪምና ለፓርኩ በዚያው ቀን ቢነገር፣ ቀበሮ ከመሞቱ በፊት ማስጠንቀቂያ ይገኛል። አራተኛ፣ ከተሞቹ የዕርድ ተረፈ ምርታቸውን ይቅበሩ።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህ ክብር ነው፤ ግዴታም ነው። የዓለም ቅርስ የሚለው ማዕረግ አንድም ውሻ አይከትብም። ሰሜን ላይ ተረፈን አንስተው ያከሙት ሰዎች አንድ ቀበሮ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አሳይተውናል። ያንኑ ዋጋ በባሌ የምናሳየው ክትባት የያዘው የወረዳ ባለሙያ በየዓመቱ፣ ወረርሽኝ ሳይጠብቅ፣ ለጋሽ ሳይጠይቅ ወደ እያንዳንዱ መንደር እንዲደርስ በማድረግ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው እውቀት አለ፤ ክትባቱ አለ፤ ውሻውን ይዞ የሚመጣ ሕዝብም አለ። የጎደለው በበጀት ሰነድ ላይ የሚሰፍር አንድ መስመርና እሱን የሚፈርም ኃላፊ ነው።